ቀድሞ የተቀዳ መለኪያ

ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ላይ፣ ጣና ጎድሎ ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ፣ ውሃው ያስቀረውን ጥቁር መሬት ሊካፈሉ የወጡ ጎረቤታሞች በዱላ ጀምረው በጥይት ጨረሱ። ወረታ ላይ መጠጥ ቤት ያላት የይርገዱ ወንድም ማረው፣ በላቸው የሚባለውን ሰው ደረቱን መትቶ ገደለው። በላቸው ሲወድቅ በእጁ የድንበር ችካል ይዞ ነበር። ጣቶቹ ችካሉን አልለቅ ስላሉ ገናዦቹ እየሰበሩ ነው ያላቀቁት ይባላል።

ያ መሬት ባሕር ሸሽ ነው። ክረምት ሲሆን ሐይቁ ይውጠዋል፣ በጋ ሲገባ ይተፋዋል። ችካሉን ውሃ በየዓመቱ ስለሚወስደው ድንበሩ ያለው በሽማግሌ አፍ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ድንበሩን በቃላቸው የሚያውቁት ሽማግሌ በወባ ሞተው ነበር። ማረውም በላቸውም እውነቴን ነው ብለው ነው ወደ ሜዳው የወረዱት።

የበላቸው ታላቅ ወንድም አድማሴ ሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ ደሙን ሳይመልስ ጠጉሩን እንደማይላጭ ማለ። አራት ዓመት ምላጭ አልነካውም። በነዚያ አራት ዓመታት የማረው ቤት ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፤ በሁለተኛው አማቱ ከውስጥ ሳይወጡ ቀሩ። አምስት በሬዎቹ በአንድ ቀን ቋንጃቸው ተቆርጦ ሜዳው ላይ ሲያጓሩ ዋሉ፤ ጎረቤት ወጥቶ በርኅራኄ አረዳቸው። ማረውም ቢሆን ዝም አላለም። በሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ምንሽር ጠመንጃውን ታቅፎ እየኖረ፣ የአድማሴን የአክስት ልጅ አዛናውን አድፍጦ ጭኑን በጥይት በሳው። አዛናው ከዚያ ወዲህ ሲራመድ በቀኝ በኩል ያዘነብላል።

ይርገዱ በዚህ ሁሉ መሃል የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማረው በሰው እጅ እንዳይሞትባት። ወንድሟ ብቻ አይደለም፤ ያሳደገችው እሷ ናት። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደሮች አባታቸውን በርብ ወንዝ ዳር፣ ድንጋይ አልሸከምም ስላላቸው፣ በጠመንጃ ሰደፍ እየወቀጡ ሲገድሉት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናታቸው ያን ዓመት አልጨረሰችም። ይርገዱ የአራት ዓመቱን ማረውን አዝላ ወረታ ገባች፤ ለሰው እየፈጨች፣ ለሰው ውሃ እየቀዳች አቆመችው።

ሃያ ዓመት ሲሞላት ሥራ የሰጣት፣ የእግዜር ነገር አይታወቅም፣ ጣሊያን ነበር። ጣሊያኖች ተሸንፈው ሲወጡ ከቀሩት አንዱ ነው፤ ወረታ ላይ የእህል ወፍጮ ተክሎ ይኖር ነበር። ሰው ሙሴ ፒኖ ይለዋል። ይርገዱ የአባቴን ገዳዮች ዘር ላገለግል ነው ወይ ብላ ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ማረው ከሰው ደጅ የወደቀ የሽምብራ ገለባ ሲያኝክ አየችውና እንባዋን ጠርጋ ሄደች።

ሙሴ ፒኖ አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ወፍጮውን ያቆማል፣ ዱቄቱን ከክንዱ ይታጠባል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብስና ደጁ ላይ ይቀመጣል። ከአሥመራ በካሚዮን የሚመጣለትን ቀይ መራራ መጠጥ በአንዲት መለኪያ ይጠጣል። ከአጠገቡ ትንሽ ሳሕን ትቀመጣለች፤ በላይዋ ጨው የነካው ለውዝ፣ የደረቀ አይብ ቁራሽ፣ ጣት የምታህል ዳቦ። ለጥጋብ አይደለም። ራት ከመቅረቡ በፊት ሆድን ለመክፈት ነው። ሰው ካለ ሰው ጠርቶ፣ ሰው ከሌለ ብቻውን፣ ቀኑን በዚያ ይሸኘዋል። በቋንቋው አፔሪቲቮ ይለው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ለሷም ቀዳላት። አንዴ ቀመሰችና መሬት ላይ ተፋችው። መለኪያውን ይዛ ሮጣ ነፍስ አባቷ አባ ገሰሰ ዘንድ ሄደች፤ ፈረንጁ ሊገድለኝ ነው ብላ። አባ ገሰሰ መለኪያውን ተቀብለው አሸተቱት፣ ጥቂት ቀመሱት፣ ደገሙት። ከዚያ፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ መርዝ ሲሰጥሽ ለኔም አትርሺኝ አሏት።

የአሥመራው መጠጥ ሲቸግር ሙሴ ፒኖ ከአገሩ ቅጠል የሚሠራበትን ዘዴ ፈለገ። የብርቱካን ልጣጭ፣ አሪቲ፣ ጤና አዳምና ጥቂት የጌሾ እንጨት በአረቄ ዘፍዝፎ አርባ ቀን ያስቀምጣል። ይርገዱ እሱን ሁሉ ተማረች። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ አስተማራት፤ ጠርሙስ እንግዳ ፊት አይቀርብም። መለኪያዎቹ ጓዳ ውስጥ ይቀዳሉ፣ በትሪ ይደረደራሉ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ሳሕኑ ይታከላል፣ ሁሉም ተሰናድቶ ይወጣል። የኛ አገር ሰው ግን መጠጥ የሚቀዳለት ዓይኑ እያየ ነው። ቀጂዋም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀድማ ትቀምሳለች። ይርገዱ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ እጇ ሌላውን ስለለመደ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ሙሴ ፒኖን ወባ ገደለው። መለኪያዎቹንና የቆርቆሮ ትሪውን ለሷ ተወላት። እሷም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው መንገድ ዳር ቤት ከፈተች። ሾፌሮች፣ ከሐሙሲትና ከአንበሳሜ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ የሰፈሩ ሰዎች በአሥራ አንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ። አንድ መራራ፣ ከትንሽ ሳሕን ጋር፤ የተቆላ ሽምብራ፣ የጣና ደረቅ ዓሣ፣ ሚጥሚጣ የነካው አይብ። በጾም ሽምብራው ብቻ። ሁለተኛ መለኪያ የለም። ሁለተኛ የጠየቃትን አንድ ሰካራም ወታደር በእንጨት ሙቀጫ ዘነዘና ትከሻውን አውልቃ ልካዋለች። ወረታ በዚያ ቤት ሳቀች፣ አኮረፈች፣ ታረቀች። የአድማሴ ወገን ግን ቀድሞም ከሜዳው ወደ ከተማ የማይወጣ ነው፤ በላቸው ከተገደለ ወዲህማ አንድም ሰው ደጃፏን ረግጦ አያውቅም። ደም አለባቸዋ።

አባ ገሰሰ በመሃሉ ሁለት ዓመት ተመላለሱ። አንዱን ወገን ሲያለዝቡ ሌላው ይሻክራል። በመጨረሻ አድማሴ እሺ አለ። ጥቅምት 1955 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ እርቁ እንዲሆን ተቆረጠ። ማዕዱን የሚያሰናዳው የገዳይ ወገን ነውና፣ የማረው ቤት ደግሞ አመድ ስለሆነ፣ በይርገዱ ግቢ ይሁን ተባለ።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ማረው እጁ በጠፍር ታስሮ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በአድማሴ እግር ሥር ይንበረከካል። አድማሴ ድንጋዩን ያወርድለታል። አባ ገሰሰ መስቀላቸውን ዘርግተው ያስምሏቸዋል። ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ያን ጊዜ ደሙ ደረቀ ይባላል። ከመሐላው በፊት ግን የአንዱ እህል በሌላው አፍ አይገባም።

ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በሩ ላይ አስረከበ። ጠባቂ የሆነው ሸማኔው መንግሥቴ ነው፤ የይርገዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛ። ሸማኔ ስለሆነ ከማንም ወገን አይቆጠርም ብለው መረጡት። እሱም፣ ለመጋባት ጊዜ የማትፈልጉኝ ለመጋደል ጊዜ ታማኝ አደረጋችሁኝ ብሎ ጠመንጃዎቹ አጠገብ ድውሩን እያጠነጠነ ተቀመጠ።

የሁሉም ነገር ቍልፍ አባ ገሰሰ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አልመጡም። ርብ ገና ሙሉ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሆነው ታንኳ እየጠበቁ ነው የሚል መልእክት መጣ። ሰዎቹ ከእኩለ ቀን ጀምረው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሆዳቸው ባዶ፣ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ። ከዚያ ነገር መወራወር ጀመሩ። አዛናው ወደ ማረው ዞሮ፣ ድንጋዩን ከአሁኑ ተለማመደው፣ ነገ መቃብርህ ላይ የሚጫነውም እሱ ነው አለው። ከማረው ወገን አንዱ፣ አንተ ለቀብሩ ቀደም ብለህ ተነሥ፣ መንገዱ ለአንካሳ ሩቅ ነው ሲል መለሰ። ሁለት ዱላዎች ከጉልበት ተነሥተው ቆሙ፤ ሽማግሌዎች በልመና መለሷቸው።

ይርገዱ ከጓዳዋ ሆና ታይ ነበር። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ሆነው ሌላ ግማሽ ሰዓት አይቆዩም አለች በልቧ። ማዕዱን ማውጣት አትችልም። ያኔ ትሪው ትዝ አላት። ከሽማግሌዎቹ አንዱን፣ ጥሩሰውን፣ ጠርታ መራራውን ላውጣ ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። ጥሩሰው ሁልጊዜ የሚጠጣው ነው። አሰበና፣ ከማዕድ በፊት የሚቀርብ ነገር ማዕድ አይደለም፣ ልብ ያበርዳል አላት። ይህን ያለው ከክፋት አይደለም። ሁለቱም ወረታ ውስጥ ያን መጠጥ የማያውቅ ሰው አለ ብለው አላሰቡም።

ስምንት መለኪያ ጓዳ ውስጥ ቀዳች። ሽምብራውን በትናንሽ ሳሕን አደረገች። ለክብሩ ብላ የመጀመሪያውን ለአድማሴ ይዛለት ወጣች፤ እጅ ነሥታም አስጨበጠችው፤ ትሪውን ከአጠገቡ መደቡ ላይ አኖረችው።

አድማሴ አረቄ መስሎት በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። ግማሹ ጉሮሮውን አልፎ ነበር። ፊቱ ተጨማደደ፤ የቀረውን ጢሙ ላይ ተፋው። መለኪያውን እንደያዘ በቀስታ ቀና ብሎ አያት።

“ምን አጠጣሽኝ?”

“መራራ ነው” አለች ይርገዱ።

አዛናው ተነሣ። “ከጓዳ ተቀድቶ ነው የወጣው። ማን ሲቀዳ አየ? ማን ቀመሰው?”

ይርገዱ ያን ጊዜ ነው የሠራችው የገባት። የገዳይ እኅት፣ ከዓይን የተሰወረ ጓዳ፣ ያልተቀመሰ መለኪያ፣ እንደ ኮሶ የመረረ መጠጥ። እሷ ራሷ በአድማሴ ቦታ ብትሆን ምን ታስብ ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነው በጥቂት ጊዜ የሆነ ነው። ጥሩሰው የሁላችንም መጠጥ ነው ብሎ ሊያስረዳ እጁን ሲዘረጋ ዱላ አናቱን ከፈለው፤ ደሙ ነጭ ጋቢው ላይ እየተንዠቀዠቀ ተቀመጠ። ግቢው በዱላ ድምፅ ተሞላ፤ አጥንት ሲመታና እንጨት ሲመታ ድምፁ ይለያያል፤ የበዛው የአጥንቱ ነበር። አዛናው እያነከሰ ወደ በሩ ሮጠ። መንግሥቴ ጠመንጃዎቹ ላይ ተኛባቸው። አዛናው ፊቱን በጫማው ረግጦ፣ ዓይኑን አሳብጦ፣ ሁለት ምንሽር አወጣ። አንዱን ለአድማሴ ወረወረለት። ሌላውን ገልብጦ ይዞ፣ እጁ ታስሮ ድንጋዩ አጠገብ ወደ ተቀመጠው ማረው ሄደ፤ በሰደፉ አገጩን መታው። መንጋጋው ሲሰበር ከግቢው ማዶ ይሰማ ነበር። ማረው በጎኑ ወደቀ፤ ከጥርሱ ጋር ደም ተፋ።

አድማሴ ጥይት አጎረሰና አፈሙዙን በማረው ግንባር ላይ አኖረ። ይርገዱ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። አፈሙዙን በግራ እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ገፋችው፤ ጠመንጃው ጮኸ። ጥይቱ መዳፏን በስቶ፣ ሁለት ጣቶቿን ይዞ፣ ከኋላ ያለው የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ገባ።

ከተኩሱ በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ይርገዱ እጇን አየችው፤ የሷ አልመስል አላት። አድማሴ ሁለተኛ ጥይት አጎረሰ። እሷ በሱና በማረው መሃል ተንበረከከች።

“አያ አድማሴ፣ አንድ ነገር ብቻ ስማኝ። የጠጣኸውን እጠጣለሁ። የተቀዳውን ሁሉ እጠጣለሁ። ጀምበር ጣና ላይ እስክትወድቅ ጠብቁኝ። ከሞትሁ ግደለው፤ ማንም አይከለክልህ። ካልሞትሁ ግን ማዕዱ ላይ ትቀመጣለህ።”

አድማሴ አልተኮሰም። በአፈሙዙ ወደ ትሪው አመለከታት።

ከስምንቱ መለኪያ ያልፈሰሱ አምስት ነበሩ። በመጀመሪያ አድማሴ በጠጣበት መለኪያ የቀረውን አተላ ጨለጠች። ከዚያ አምስቱን ተራ በተራ ጠጣች፤ በደህና እጇ እያነሣች፣ ፊቷን ሳታጨማድድ። ከዓይኖቹ አንዱ የተደፈነው መንግሥቴ ብቻ ከበሩ ሥር ሆኖ፣

“እንግዲህ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ስሞት ኖሬአለሁ” አለ።

የሳቀ የለም። አንድ ሁለት ሰው ግን ዓይኑን ሰበረ። መንግሥቴ እየተንፏቀቀ መጥቶ፣ ካጠነጠነው ድውር ላይ በጥርሱ ቆርጦ፣ አንጓዋን በጥጥ ክር ጥብቅ አድርጎ አሠረላት። ደሙ ቀነሰ፤ አልቆመም።

ይርገዱን ምሰሶው ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጧት። አዛናው፣ ምሰሶውን አትደገፍ፣ ስትወድቅ እንድናይ አለ። በርጩማውን ወደ ግቢው መሃል ሳቡት። ፀሐይ ገና ሁለት ክንድ ያህል ቀርቷታል።

የፈራችው መራራውን አልነበረም፤ እሱን ታውቀዋለች። የፈራችው ደሟን ነበር። ከመዳፏ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ከሥሯ ያለው አፈር ጠቁሯል። ባዶ ሆዷ ላይ አምስት መለኪያ አረቄ አለ። ጆሮዋ ውስጥ የሙሴ ፒኖ ወፍጮ የሚፈጭ ይመስላታል፤ የሰዎቹ ፊት ይርቃል፣ ይቀርባል። ብትወድቅ ደም አጥታ ነው የወደቀችው የሚል የለም፤ መርዙ ሠራ ይላሉ። አዛናው አፈሙዙን ማረው ጆሮ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ከሷ አልነቀለም። ማረው ደም የሞላው አፉን ሊናገር ይከፍታል፤ መንጋጋው እንቢ ይለዋል። ውዳሴ ማርያም በልቧ ጀመረች። የሐሙሱ ጠፋት። ከሰኞው ጀመረች፤ እሱም መሃሉ ላይ ጠፋት። በመጨረሻ፣ እመቤቴ፣ ወገቤን ያዥልኝ ብቻ አለች፤ ደጋገመችው።

አድማሴ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር። እሱም የራሱ ጭንቅ አለበት፤ ግማሽ መለኪያ ውጧል። እሷን እያየ የራሱን ሆድ ያዳምጣል። ግንባሩ ላቦታል። ያልተላጨ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ተኝቷል። አዛናው ሁለት ጊዜ፣ ይቆርጥሃል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሁለት ጊዜ በእጁ ገፋው። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ፣ የአድማሴ ሆድ ጮኸ። ረጅም ድምፅ ነበር፤ እንደ ጥጃ። የሰማ ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ጀምበር የሐይቁን ጫፍ ልትነካ ስትል ይርገዱ አንድ የሚሰበር ነገር ሰማች። ቆርጠም፣ ቆርጠም ይላል። ዓይኗን አጥርታ አየች። የአድማሴ እጅ መደቡ ላይ ካለው ትንሽ ሳሕን ሽምብራ አንሥታ ወደ አፉ ትወስዳለች። ዓይኑ ከይርገዱ አልተነሣም፤ እጁ የምትሠራውን የሚያውቅ አይመስልም።

“አያ አድማሴ” አለ አዛናው፣ “ምንድን ነው የምትበላው?”

አድማሴ እጁን አየ። “ሽምብራ።”

“የነሱን?”

አድማሴ የያዘውን እስኪያልቅ አኘከ። “ርቦኛል” አለ። እንደተደነቀ ሰው ነበር የተናገረው። “ከጠዋት ጀምሮ አንጀቴ ተዘግቶ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እህል አፌ ላይ አመድ ነው። አሁን ግን ርቦኛል።”

ይርገዱ ይህን ስትሰማ ደስታ ይሁን ድካም አልለየችውም፤ ወገቧ ተለቀቀ። በርጩማው ከሥሯ ሸሸ፤ ጉንጯ አፈር ነካ። መናገር አቃታት፤ ጆሮዋ ግን ይሰማ ነበር። አዛናው ወደቀች ሲል ሰማች። ጥይት ሲያጎርስ ሰማች። እመቤቴ ልትል ሞከረች፤ አፏ አልታዘዘም።

“አውርደው” አለ የአድማሴ ድምፅ።

“ወደቀች እኮ። ቃል ቃል ነው።”

“እሷ የጠጣችውን እኔም ጠጥቻለሁ፤ ይኸው ቁጭ ብዬ እቆረጥማለሁ። የጣላት መራራው አይደለም፤ ደሟ ነው። ደሟን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። አውርደው አልሁህ።”

አዛናው ወዲያው አላወረደም። አድማሴ ተነሥቶ ሄደ፤ አፈሙዙን ይዞ ከማረው ጆሮ ላይ አነሣው፤ ጥይቱን አውጥቶ ወደ አጥሩ ማዶ ወረወረው። አዛናው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አባ ገሰሰ እስከ ወገባቸው ረጥበው የደረሱት ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆመው ደሙን፣ የተሰባበረውን መለኪያ፣ ጥሩሰውን፣ ማረውን፣ መሬት ላይ የተኛችውን ይርገዱን አዩ። መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው ሥር አወጡ።

ይርገዱን ቀና አድርገው ውሃ አጠጧት። ወደ ሐኪም እንውሰዳት ሲሉ ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች። ማዕዱን ሳላይ አልሄድም አለች፤ ስለዚህ አባ ገሰሰ አሳጠሩት። ማረውን ደግፈው አንበረከኩት። ድንጋዩን መሸከም ስላልቻለ ሁለት ሰዎች ጫንቃው ላይ ይዘውለት ቆሙ። አድማሴ ድንጋዩን ተቀብሎ ወደ ኋላው ጣለው። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ አለ። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ግን አለው። ማሉ።

ገበታው ቀረበ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። ማረው ካልበላ ደሙ አልደረቀም፤ ማረው ደግሞ አፉን አንድ ጣት ያህል እንኳ መክፈት አይችልም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ነገ ይሁን አለ። አባ ገሰሰ በዚህ አገር ነገ የሚባል እርቅ አላየሁም አሉ።

አድማሴ እጁን ታጠበ። ከእንጀራው ቆርሶ የዶሮው መረቅ ውስጥ ነከረው፤ እንደ አጥሚት እስኪላላ ድረስ በጣቶቹ አሸው። ከዚያ በግራ እጁ የማረውን ራስ ከኋላ ደገፈ፤ በቀኙ ያን የላላ ጉርሻ በተሰበሩት ጥርሶች መሃል ቀስ እያለ አንጠባጠበለት። ማረው ከነደሙ ዋጠው። ከዓይኑ እንባ ወረደ፤ የሕመም ይሁን ሌላ አልታወቀም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና አድማሴ ሁለተኛውን ደገመ። ከዚያ ከዚያው ገበታ ለራሱ አነሣና በላ። ብዙ በላ። ጭንቅላቱን ሳያነሣ፣ ከአዝመራ እንደ ተመለሰ ሰው በላ።

ይርገዱ አየች። “አሁን ውሰዱኝ” አለች።

በመንገዱ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ካሚዮን ቆሞ ነበር፤ እስከዚያ በቃሬዛ መሸከም ነበረባት። ሦስት ሰው ተገኘ፤ አድማሴ፣ መንግሥቴ፣ አንድ የማረው ጎረቤት። የቀሩት ወይ ራሳቸው ተሰብሯል ወይ እጃቸው አብጧል። የቃሬዛው አራተኛ ጫፍ ባዶ ቀረ። አዛናው እስከዚያ ድረስ ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም፤ ከገበታውም አልቀረበም። ሦስቱ ቃሬዛውን አንሥተው ሲንገዳገዱ ግን ዞሮ አያቸው። ማንም አልጠራውም። እያነከሰ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አራተኛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ።

በሄዱበት ሁሉ ቃሬዛው በአዛናው በኩል ያዘነብል ነበር። ባዘነበለ ቁጥር ይርገዱን እጇን ያማታል፤ ባመማት ቁጥርም ተመስገን ትላለች።